ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል ተራሮች አጠባበቅ የቅሬ ማኅበር የሚሰጠው ጥቅም

በወሎ ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ባሕር መውጫ የሌለው ውሃ ነው። ወደርሱ የሚገባ ወንዝና ጎርፍ አለ፤ ከርሱ ግን በገጸ ምድር ላይ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቍጥር ከዙሪያው ተራሮችና ከየማሳው ታጥቦ የሚወርደው አፈር በባሕሩ ውስጥ ይቀራል እንጂ ወደ ሌላ አገር አያልፍም። የዓባይ ገባሮች አፈሩን ወደ ሩቅ ስለሚወስዱት በዚያ ያለው ባላገር የጥፋቱን መጨረሻ አያየውም፤ የሐይቅ ሰው ግን የተራራውን ጥፋት በባሕሩ ዳር ቆሞ በዓይኑ ይመለከተዋል። ይህ ነገር አገርን ለሚያስተዳድሩና መሬት ለያዙ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ቀጥሎ ስለ አገሩ አቀማመጥ፥ ስለ አፈሩ አጠፋፍ፥ ቀድሞ ስለ ተሠራው ሥራና ሕዝቡ ራሱ ባቆመው ማኅበር ተራራውንና ባሕሩን ለመጠበቅ ስለሚቻልበት መንገድ በየተራው ይገለጻል።

1ኛ፤ ስለ አገሩ አቀማመጥ

የሐይቅ ባሕር በዛሬው አከፋፈል በደቡብ ወሎ ዞን በተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ጥልቀቱ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 80 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ከፍታውም ከውቅያኖስ ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ነው። ከርሱ ከፍ ብሎ አርዲቦ የተባለ ታናሽ ባሕር አለ፤ የአርዲቦም ትርፍ ውሃ በወንዝ እየወረደ ወደ ሐይቅ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ባሕሮች በአንድ ቤት እንዳሉ ሁለት ማድጋዎች ናቸው፤ በላይኛው የተደረገው ነገር ለታችኛው ይተርፋል። በላይ ያለው ባላገር የወንዙን ውሃ ለመስኖ ጠልፎ ባስቀረው መጠን በታች ያለው ባሕር የሚቀበለው ያንስበታል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ አምባሰልን ያገኛል። የወረዳው ዋና ከተማ ውጫሌ ነው፤ ይኸውም በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውል የተፈረመበት ስፍራ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ምእመናን የሚሳለሙት ግሼን ደብረ ከርቤም በዚሁ ወረዳ ነው። አምባሰል በቀድሞው ዘመን ጃንጥራር በተባለ ማዕርግ የሚተዳደር አገር ነበር፤ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱም በስሙ ይጠራል። አገሩ አምባና ገደል ስለሚበዛበት በጦርነት ጊዜ ለሰው መሸሸጊያ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ግን ሰውን የጠበቀው ተራራ ራሱ ጠባቂ የሚሻ ሆኗል።

በሁለቱም ወረዳዎች ያለው ሕዝብ የሚኖረው በእርሻና በከብት ርቢ ነው። ጤፍና ማሽላ ይዘራል፤ ውሃ ባለበት ስፍራም አትክልትና ፍራፍሬ ያበቅላል። ሰው በበዛ መጠን ማሳው ከሜዳው ወደ ተዳፋቱ ወጣ፤ ከብቱም ከግጦሽ ሜዳው ወደ ቍጥቋጦው ተገፋ። ይህ የሆነው በባላገሩ ክፋት ወይም ስንፍና አይደለም፤ የሚያርስበት ስፍራ ስላጣ ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ሹም ስለ ተራራ ጥበቃ የሚያወጣው ትእዛዝ ሁሉ በችግረኛ ላይ እንደ ተጫነ ሸክም ይቈጠርበታል።

2ኛ፤ አፈር እንዴት እንደሚጠፋ

የዝናብ ጠብታ ከላይ ወርዶ ራቁቱን የሆነ መሬት በመታው ጊዜ የአፈሩን ጓል ይሰብረዋል። የተሰበረው አፈር ልሞ የመሬቱን ቀዳዳ ስለሚደፍን ውሃው ወደ ውስጥ መስረግ ትቶ በላይ ይፈስሳል። የሚፈስሰው ውሃ ተዳፋት ባገኘ ጊዜ ይፈጥናል፤ በፈጠነም መጠን የሚሸከመው አፈር ይበዛል። በመጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ያወጣል፤ በሚቀጥለው ክረምት መስመሩ ቦይ ይሆናል፤ ዝም ከተባለ ደግሞ ከብት የማያሻግር ቦረቦር ይሆናል። ሣርና ቅጠል የለበሰ መሬት ግን ጠብታውን በልብሱ ላይ ይቀበለዋል፤ ሥሩም አፈሩን ስለሚያስር ውሃው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በበጋም በምንጭነት ይወጣል።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር ማሰብ ይጠቅማል። ከአንድ ሄክታር መሬት ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ክብደቱም ወደ 12 ቶን ይደርሳል። አንድ አህያ 50 ኪሎ ግራም ትሸከማለች ብንል የ240 አህያ ጭነት ነው። በአንድ ጋሻ መሬት፥ ይኸውም በ40 ሄክታር ገደማ፥ ሲታሰብ ደግሞ የ9600 አህያ ጭነት ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት ከጥፍር ውፍረት እምብዛም የማይበልጥ ስለ ሆነ ገበሬው መጥፋቱን በዓመት በዓመት ላያስተውለው ይችላል። ሆኖም ይህን ያህል አፈር በዘፈቀደ ተጭኖ ሲሄድ ቢያይ ኖሮ ማንም ዝም ብሎ ባላሳለፈው ነበር። ከዚህም በላይ አስቀድሞ የሚሄደው ፍግና ብስባሽ ያለበት የላይኛው ለም አፈር ነው፤ የሚቀረው ጭንጫ ነው።

ወደ ባሕሩ የገባው አፈር ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ዳሩን ይደለድላል፤ ውሃውን ያደፈርሳል፤ ዓሣ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይሸፍናል። ቀድሞ በባሕሩ ዳር የሚበቅለው ደንገልና ፊላ ጎርፉን አጣርቶ ያሳልፍ ነበር፤ እርሱ ለእርሻ ሲባል በተመነጠረ ስፍራ ግን ደለሉ ያለ ከልካይ ይገባል።

ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ባሕሩ እንዲገባ ተደርጎ ተራብቷል፤ ለብዙ አስጋሪዎችም የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባሕሩን የመረመሩ ሊቃውንት የውሃው ጥራት ከቀድሞው እንደ ቀነሰ አስተውለዋል። መውጫ በሌለው ባሕር በበጎ አሳብ የተደረገ ነገር እንኳ ሌላ ለውጥ ሳያስከትል እንደማይቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

3ኛ፤ የገዳሙ ደን የሚያስተምረው

በሐይቅ ባሕር ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ትልቅ የትምህርት ስፍራ ያደረጉት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበረ ጽፏል። ዛሬ ያ ደሴት ከየብስ ጋራ ተያይዞ ባሕረ ገብ ምድር ሆኗል። ውሃው ሲሸሽና ደለል ሲከማች የባሕር ዳር እንዲህ እንደሚለወጥ ይህ ምስክር ነው።

ሆኖም በገዳሙ ቅጥር ያለው ዛፍ ቆሞ ይታያል። በአማራ አገር በየደብሩ ዙሪያ የሐበሻ ጽድና ወይራ ተጠብቀው የሚገኙት፥ በወሎም በእስልምና መማሪያ ስፍራዎችና በታላላቅ ሼኾች መቃብር ዙሪያ ዛፎች ያለ ጉዳት የሚኖሩት ምክንያቱ አንድ ነው። ዛፉ ባለቤት አለው፤ ወሰኑ ይታወቃል፤ የሚቈርጥ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቃል፤ ጠባቂዎቹም ከሩቅ የመጡ ሳይሆኑ በዚያው የሚውሉና የሚያድሩ ናቸው። ደብሩንና መስጊዱን ሕዝቡ ራሱ ያከብራቸዋል። እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ይህ ነው፤ በቅጥሩ ውስጥ ያለው ክብርና ሥርዐት ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው ተራራ እንዴት ሊሻገር ይችላል?

4ኛ፤ ቀድሞ የተሠራው ሥራና ያስተማረው

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ከታወቀ በኋላ፥ በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ ርስትና ጭሰኛ መባል ቀረ፤ ዛሬ መሬት የያዘ ሁሉ ባለ ይዞታ ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዓለም የምግብ ፕሮግራም በተገኘ እህል ገበሬው በሥራው ልክ እየተቀበለ እርከን እንዲሠራና ችግኝ እንዲተክል ተደረገ። በ1977 ዓ.ም. እንደ ገና ታላቅ ረኃብ በደረሰ ጊዜ ይህ ሥራ በወሎ ተስፋፋ፤ ብዙ ተራሮች ከሰውና ከከብት ተከለሉ። በተከለለውም ስፍራ ማንም ሳይተክለው ሣርና ቍጥቋጦ ከመሬቱ ውስጥ ከቀረው ዘርና ሥር በጥቂት ዓመት እንደሚመለስ ታየ።

ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በወሎ በብዙ ስፍራ ሕዝቡ የተተከለውን ደን ቈረጠው፤ ከብቱንም ወደ ተከለለው ተራራ አስገባው። የብዙ ዓመት ድካም በጥቂት ጊዜ ጠፋ። ይህን ያደረገው ያው ዛፉን በእጁ የተከለው ሕዝብ ነው። ስለ ምን እንዲህ አደረገ ቢባል፥ ተራራው ሲከለል አሳቡ ስላልተጠየቀ፥ የተከለው ዛፍ የማን እንደ ሆነ ስላልተነገረው፥ ሣሩንና እንጨቱንም መቼና እንዴት እንደሚካፈል ስላላወቀ ነው። ዛፉን የመንግሥት አድርጎ አስቦት ነበር፤ ያ መንግሥት በሄደ ጊዜ ዛፉ ባለቤት እንደሌለው ሆነ።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በየዓመቱ በበጋ ወራት ሕዝቡ በነጻ ጉልበቱ በየተፋሰሱ እርከንና ክትር ሲሠራ ቈይቷል። ሥራው ታላቅ ነው። ሆኖም የእርከን ርዝመትና የችግኝ ብዛት በወረቀት መቈጠሩ ብቻ አይበቃም። የተቈጠረው ችግኝ ከሁለት ክረምት በኋላ ስንቱ እንደ ጸደቀ፥ እርከኑም በከብት እግር ሳይፈርስ እንደ ቈየ የሚጠይቅ ባለቤት ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ቅሬ ምን እንደ ሆነ

በወሎ ገጠር በየመንደሩ ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ። በሌላው አገር ዕድር ከሚባለው ጋራ ዋና ሥራው አንድ ነው፤ ሰው በሞተ ጊዜ አባሎቹ ተጠርተው መቃብር ይቈፍራሉ፤ ሬሳ ይሸኛሉ፤ ለሐዘንተኛው እህልና ውሃ ያቀርባሉ። ነገር ግን የወሎ ቅሬ ሥራው በቀብር ብቻ አያቆምም። በመረጣቸው ዳኞች አማካይነት የተጣላ ያስታርቃል፤ ለጋራ ሥራ ሕዝቡን ይጠራል፤ ሥርዐት ያፈረሰውን ይቀጣል። ክርስቲያንና እስላም ተቀላቅለው በሚኖሩበት መንደር ሁለቱም በአንድ ቅሬ የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ንጉሥ ሲለወጥና ሥርዐት ሲሻር ቅሬ አልፈረሰም፤ ሞት ያልቀረ ስለ ሆነ ቅሬም አልቀረም።

የቅሬ ቅጣት በደረጃ ነው። አስቀድሞ ተግሣጽ አለ፤ ቀጥሎ የገንዘብ መቀጫ ይመጣል፤ አልመለስም ላለውም የመጨረሻው ቅጣት ከቅሬ መውጣት ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ቀባሪ የለውም፤ ጎረቤቱም እሳት አያጫጭረውም። ይህን ቅጣት ከእስራት ይልቅ የሚፈሩት ብዙዎች ናቸው። የመንግሥት ዳኛ ሌሊት በተራራ ላይ የተቈረጠውን ወይራ ማን እንደ ቈረጠው ለማወቅ ምስክር ይሻል፤ የቅሬ ዳኛ ግን በማግስቱ የማን ምድጃ በምን እንጨት እንደ ነደደ ያውቃል።

የቅሬ ሥልጣን ከቀብር ወደ ተራራ ሲሻገርም ለሕዝቡ እንግዳ ነገር አይሆንም። በደቡብ ወሎ የተከለለ መሬት እንዲጠበቅ፥ ልቅ ግጦሽና የዛፍ ቈረጣ እንዲቀር በቅሬ ውሳኔና መቀጫ መጠቀም የታወቀ መንገድ ነው። የሚቀረው ነገር ይህ መንገድ በዘፈቀደ ሳይሆን በሥርዐት እንዲሠራ ማድረግ ነው።

6ኛ፤ በሌላ አገር የታየ ምሳሌ

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚባል ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ የሣር ምድር አለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ይህን ምድር ቀሮ በተባለ ሥርዐት ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ይጠብቁት ነበር። ምድሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ በተወሰነው ጊዜም ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር ያጭዳል፤ ከጊዜው በፊት የገባ ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ይህን ሥርዐት አቋረጠው፤ ምድሩም ለጊዜው ያለ ጠባቂ ተጐዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ በአዲስ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቆመው፤ ክልሉም በ2004 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ ዐወቀው።

በጃፓን አገርም ኢሪአይ በተባለ ሥርዐት የየመንደሩ ሰዎች ተራራቸውን በጋራ ይዘው ኖረዋል። ሣር የሚታጨድበትን የመክፈቻ ቀን መንደሩ ይወስናል፤ ከየቤቱ የሚወጣው የሠራተኛ ቍጥር ይወሰናል፤ ጠባቂዎች በተራ ይቆማሉ፤ ያጠፋ መቀጫ ይከፍላል፤ ልበ ደንዳና የሆነውን ደግሞ መንደሩ ከማኅበራዊ ኑሮ ይለየዋል። ይህ ከወሎ ቅሬ ጋራ ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢው ያስተውላል። በስዊስ አገርም ቶርቤል የተባለ የተራራ መንደር ማንም ሰው በክረምት በቤቱ ቀልቦ ሊያወጣ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይሰድድ በ1517 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ደንብ አቁሟል። እነዚህን የመሰሉ ሥርዐቶችን የመረመረችው አሜሪካዊት ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም በ2002 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ያገኘችውም ባጭር ቃል ይህ ነው፤ ወሰኑ የታወቀ፥ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጡት፥ ጠባቂውን እነርሱ የመረጡት፥ ቅጣቱ በደረጃ የሆነ የጋራ ሀብት ለረዥም ዘመን ይኖራል።

7ኛ፤ ሹሙ ሊያደርገው የሚገባ

ከላይ የተነገረውን ወደ ሥራ ለማግባት የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት የሚከተለውን ተራ ቢይዙ መልካም ነው።

በመጀመሪያ፥ ወሰን ይለይ። አንድ ተራራ ለአንድ ወይም በስምምነት ለሁለትና ለሦስት ቅሬዎች ይሰጥ። ወሰኑ ሽማግሌዎች ባሉበት በእግር ተዙሮ በድንጋይ ካብና በታወቀ ዛፍ ይመልከት። የአማራ ክልል የመሬት ሕግ የወል ይዞታን ያውቃል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቍጥር 1065ም የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት ያውቃል። ስለዚህ ስምምነቱ በቃል ብቻ ሳይቀር በወረዳው መዝገብ ይጻፍ፤ አንድ ግልባጭም በቅሬው ዳኛ እጅ ይቀመጥ። በወረቀት ያልተጻፈ መብት ሹም በተለወጠ ጊዜ ያጠራጥራልና።

በሁለተኛው፥ ደንቡን ቅሬው ራሱ ያውጣ። ሹሙ ምክር ይስጥ እንጂ መቀጫውን እርሱ አይወስን። ከሕግ ጋራ የሚቃረን ነገር እንዳይኖርበት ብቻ ይመልከት።

በሦስተኛው፥ ጥቅሙ ከመጀመሪያው ዓመት ይታይ። ከተከለለው ተራራ ከብት ይከልከል፤ ሣሩ ግን በመስከረምና በጥቅምት ታጭዶ በየቤቱ ይከፋፈል። ቀፎ ለመስቀል የሚፈልጉ ወጣቶች ስፍራ ይሰጣቸው፤ ደንና ማር አይጣሉምና። የደረቀ እንጨት የሚለቀምበት ቀን ይወሰን።

በአራተኛው፥ ጥበቃው በተራ ይሁን። አንድ ቅሬ 120 ቤተ ሰብ ቢኖረውና በየቀኑ ሁለት ሰው ቢጠብቅ ለአንድ ቤት ተራው በ60 ቀን አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ በዓመት ስድስት ቀን ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ለአንድ ዘበኛ የማይቻለው ሥራ ለሁሉ ሲካፈል ቀላል ይሆናል።

በአምስተኛው፥ ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሂድ። ከተራራው ራስ ጀምሮ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይና እርከን ሳይሠራ በታች ያለውን ቦረቦር በክትር መዝጋት ድካም ነው፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ያፈርሰዋልና። በሚተከልበትም ጊዜ ለአገሩ የተስማማ ዛፍ ይመረጥ፤ ወይራ፥ ጽድ፥ ዋንዛ፥ ግራርና ብሳና እንደ ቆላና ደጋው ይተከሉ። ባሕር ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለገንዘብ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ውሃ ስለሚስብ በምንጭ አጠገብና በባሕሩ ዳር አይተከል። በባሕሩ ዳር ደንገልና ፊላ ተመልሶ እንዲበቅል ከውሃው ወዲህ ሳይታረስ የሚቀር መሬት ይወሰን።

በስድስተኛው፥ የአርዲቦና የሐይቅ፥ የላይኛውና የታችኛው ቅሬዎች ዳኞች በዓመት ሁለት ጊዜ በአንድነት ይቀመጡ። አስጋሪዎችም ወኪል ይላኩ። የመስኖው ውሃ አከፋፈል፥ የዓሣው ማራቢያ ወራትና የመረቡ ዓይን ስፋት በዚያ ይነገር። ላይኛው ለታችኛው ካላሰበ የአንዱ ልማት የሌላው ጥፋት ይሆናል።

8ኛ፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር

ተራራ ሲከለል በሁሉ ላይ እኩል አይከብድም። አምስት በሬ ያለው ሰው የሚታጨደውን ሣር ይደሰትበታል፤ መሬት የሌለው ወጣትና እንጨት ለቅማ በገበያ ሽጣ ልጆቿን የምታሳድግ ባልቴት ግን ተራራው በተዘጋበት ቀን እንጀራቸው ይዘጋል። ለእነርሱ አስቀድሞ ካልታሰበ ሌሊት የሚቈርጡት እነርሱ ይሆናሉ፤ ቢቀጡም ፍርዱ በድኻ ላይ የተፈረደ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው የቀፎ ስፍራ ለመሬት አልባው ይሰጥ፤ የችግኝ ጣቢያው ሥራና ደመወዙ ለእነዚህ ይሁን፤ ባልቴቷም በተወሰነው ቀን ከሌላው ቀድማ እንድትለቅም ይፈቀድላት። በቅሬው ጉባኤ አባወራዎች ብቻ ተሰብስበው ስለ እንጨትና ስለ ውሃ ቢወስኑ፥ እንጨቱን የሚለቅሙትና ውሃውን የሚቀዱት ሴቶች ስለ ሆኑ ውሳኔው ጎደሎ ይሆናል፤ ስለዚህ አሳባቸው ይጠየቅ።

ሌላው ጥንቃቄ ለሹሙ ለራሱ ነው። ቅሬ ብርቱ መሆኑን ያየ ሹም ግብር ለማስከፈልና መዋጮ ለማስወጣት ሁሉ ቅሬውን መሣሪያ ሊያደርገው ይፈተናል። እንዲህ ያደረገ እንደ ሆነ ሕዝቡ ቅሬውን እንደ መንግሥት ቢሮ መቍጠር ይጀምራል፤ ፍርሃቱም መታመኑም አብሮ ይጠፋል። መቀጫው የሚገባው ገንዘብ ከቅሬው ሣጥን አይውጣ፤ ለችግኝና ለመሣሪያ መግዣ ይዋል፤ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ይነበብ።

መደምደሚያ

ከላይ የተነገረውን ባጭር ቃል መሰብሰብ ይቻላል። በ1977 ዓ.ም. ተራራው በትእዛዝ ተከለለ፤ በ1983 ዓ.ም. ትእዛዙ ባለፈ ጊዜ ዛፉ አብሮ አለፈ። በገዳሙ ቅጥርና በሼኹ መቃብር ያለው ዛፍ ግን ከስንት መንግሥት መለዋወጥ ተርፎ ቆሟል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአፈር ወይም የዝናብ ልዩነት አይደለም፤ አንደኛው የሕዝቡ ሥርዐት ያለበት፥ ሁለተኛው የሌለበት በመሆኑ ነው። እንግዲህ የሐይቅንና የአምባሰልን ተራሮች ለማልማት የሚሻ ሹም አዲስ ማኅበር ከመፍጠሩ በፊት በመንደሩ ያለውን ቅሬ ይጠይቅ፤ የሚሻረውንም የሚሾመውንም ሁሉ ሲቀብር የኖረ ማኅበር ነውና። ቅሬው ተራራውን የራሱ ያደረገ እንደ ሆነ ሹሙ ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወርም ሥራው በስፍራው ይቀራል። ያለዚያ ግን መውጫ የሌለው ባሕር ከየተራራው የሚመጣለትን አፈር ዛሬም እንደ ትናንት እየተቀበለ ይኖራል።